ከወሊድ በፊት የሚጀምር ጥንቃቄ፦ የአዲስ ወላጆች ትምህርት በጎሮና በምሥራቅ አዲስ አበባ

አዲስ አበባ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በፍጥነት ከሰፋችባቸው አቅጣጫዎች አንዱ ምሥራቁ ነው። ከጎሮ እስከ ሰሚት፣ አያትና ቦሌ አራብሳ በሚዘልቀው ሰፊ አካባቢ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች፣ የማኅበር ቤቶችና ለኪራይ የተሠሩ አነስተኛ ክፍሎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ተነሥተዋል። ቀድሞ በቦሌና በየካ ክፍለ ከተሞች ሥር ከነበሩ አካባቢዎች የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. መዋቀሩም የዚሁ ዕድገት ማሳያ ነው።

በእነዚህ ሰፈሮች ከሚኖሩት መካከል የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ወጣት ባለትዳሮች ጥቂት አይደሉም። ከትውልድ ቀያቸው ርቀው፣ ጎረቤታቸውን በወጉ ሳያውቁ፣ ወላጆቻቸው በቅርብ በሌሉበት ሁኔታ ልጅ ያሳድጋሉ። ቀደም ባለው ጊዜ አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ካልሆነም እናቷ መጥታ በአራስነቷ ወቅት ከጎኗ ትሆናለች። ገንፎው፣ የሕፃኑ አስተጣጠብ፣ የጡት አያያዝና የልቅሶው ዓይነት ሁሉ በእናት እጅ ይማሩት የነበረ ነው። ያ ትምህርት ጠቃሚም ጎጂም ነገር ነበረበት፤ ይሁን እንጂ አዲሷ እናት ብቻዋን እንዳትሆን ያደርግ ነበር። ዛሬ በኪራይ ክፍል ውስጥ ያንን ቦታ የያዘው ብዙውን ጊዜ የእጅ ስልክና የሰው ወሬ ነው።

በመሆኑም አዲስ ወላጆች ለልጃቸው ደኅንነት ማወቅ የሚገባቸውን ከማን፣ መቼና የት ይማራሉ የሚለው ጥያቄ በሕፃናት ሕይወትና ዕድገት ላይ በቀጥታ የሚወስን የመንግሥት አገልግሎት ጉዳይ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩ ያለበትን ደረጃ፣ የሚታዩትን ክፍተቶችና ነዋሪዎች ሊጠይቋቸው የሚገቡ አገልግሎቶችን ይዳስሳል።

የተሻሻለውና ገና ያልተሻሻለው

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይሞሉ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ አኃዝ ወደ 67 ወርዷል። በክትባት፣ በጤና ኤክስቴንሽን፣ በወባ መከላከልና በተመጣጠነ ምግብ ላይ የተሠራው ሥራ ውጤት ነው።

ነገር ግን የቁጥሩን ውስጠኛ ክፍል ስንመለከት ሌላ ሥዕል ይታያል። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚደርሰው ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 49 የነበረ ሲሆን በ2016 ወደ 29 ዝቅ ብሏል። መሻሻል መኖሩ ባይካድም ፍጥነቱ ከሌላው የዕድሜ ክልል ያነሰ ነው። በመሆኑም ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱ ሕፃናት መካከል የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ የሚያልፉት ድርሻ እየጨመረ መጥቷል። ይህ ማለት ቀሪው ትልቁ ሥራ የሚገኘው በወሊድ ዕለትና ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው።

በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ሁኔታ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ይለያል። በዚያው በ2016ቱ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ግን 97 በመቶ ደርሰው ነበር። የመዲናዋ እናት ወደ ጤና ተቋም ሄዳ እንድትወልድ ማሳመን ዋናው ችግር አይደለም ማለት ነው። በአንጻሩ በአገር አቀፍ ደረጃ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ የጤና ምርመራ ያገኙ እናቶች በ2016 ከመቶ 17፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናትም ከመቶ 34 ብቻ ነበሩ። በጤና ተቋም መውለድ ሲያድግ የድኅረ ወሊድ ክትትል አብሮ እኩል አላደገም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። እናት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ትወልዳለች፤ ከአንድ ቀን ቆይታ በኋላ ወይም ከዚያም ባነሰ ጊዜ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በዚያች አጭር ቆይታ ድካም፣ ሕመምና የጠያቂ ብዛት ይደራረቡባታል። ስለ ጡት አጠባብ፣ ስለ እትብት ንጽሕናና ስለ አደገኛ ምልክቶች የሚነገራት ሁሉ በዚህ ሰዓት ከተነገራት የምትይዘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለሆነም ትምህርቱ ከወሊድ በፊት መጀመር፣ ከወሊድ በኋላም እስከ ቤቷ መከተል ይኖርበታል።

የአገሪቱ ተሞክሮ

የወላጆች ትምህርት ለኢትዮጵያ አዲስ አሳብ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረቱ ባለሙያዋ ቤት ለቤት እየዞረች ቤተሰብን ማስተማሯ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮም ለከተሞች በሚስማማ መልኩ ተግባራዊ ሆኗል። በገጠር ወረዳዎች ነፍሰ ጡር እናቶች በየወሩ ተሰብስበው ከአዋላጅ ነርስና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር የሚወያዩበት፣ ብዙ ጊዜም ቡና እየተፈላ የሚካሄደው የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ የዚሁ አካል ነው። ስሙ ትምህርት ቤት ባይባልም ይዘቱ በሌላው ዓለም ለአዲስ ወላጆች ከሚሰጠው ሥልጠና ጋር ይቀራረባል። እንዲያውም እናቶች እርስ በርስ መተዋወቃቸው በወሊድ ሰዓት ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ቤት ውስጥ የቀሩትን ልጆች ማን እንደሚጠብቅ አስቀድመው እንዲነጋገሩ ይረዳቸዋል።

በፖሊሲ ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አራት ምሰሶዎች ነበሩት። እነርሱም የወላጆች ትምህርት፣ ከፅንስ ጀምሮ ያለው የሕፃናት ጤናና የአእምሮ ማነቃቂያ አገልግሎት፣ ማኅበረሰብ አቀፍ መዋዕለ ሕፃናት እንዲሁም መደበኛ ያልሆነ የትምህርት ቤት ዝግጅት ናቸው። በቀጣዮቹ ዓመታት በስፋት የታየው በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የተከፈተው የ“ኦ ክፍል” ነው። ተማሪው በመዝገብ ይቈጠራል፣ ክፍሉ በዓይን ይታያል፤ ስለዚህ ሪፖርት ለማድረግም በጀት ለመመደብም ይቀላል። ከምሰሶዎቹ በመጀመሪያ የተጠቀሰው የወላጆች ትምህርት ግን በቤት ውስጥ የሚፈጸም በመሆኑ ለመቁጠር ያስቸግራል፤ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸርም ትኩረት አነሰው።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የጀመረው የቀዳማይ ልጅነት ዕድገት ፕሮግራም ይህን ሚዛን ለማስተካከል ያለመ ነው። መዲናዋን በአፍሪካ ሕፃናትን ለማሳደግ ምርጥ ከተማ የማድረግ ግብ አስቀምጦ ከፅንስ ጀምሮ እስከ ስድስት ዓመት ያለውን ዕድሜ በአንድ ላይ ይመለከታል። ወላጆችን በየቤታቸው የሚያማክሩ ባለሙያዎችን ማሰማራት፣ የሕፃናት ማቆያዎችን መክፈት፣ የመጫወቻ ቦታዎችን ማዘጋጀትና የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ማስፋፋት ዋና ዋና ሥራዎቹ ናቸው። በርናርድ ቫን ሊር ፋውንዴሽንና ቢግ ዊን ፊላንትሮፒን የመሳሰሉ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም አጋር ሆነዋል።

ቤት ለቤት የሚሰጥ ምክር በእርግጥ ውጤት ያመጣል ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የጃማይካ ተሞክሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በኪንግስተን ከተማ በድህነት በሚኖሩ ቤተሰቦች ውስጥ ዕድገታቸው የቀነጨረ፣ ከ9 እስከ 24 ወር የሆናቸው 129 ሕፃናት በጥናት ተካተቱ። ለከፊሎቹ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል እየሄዱ፣ በቤት ውስጥ በተሠሩ መጫወቻዎች ከልጁ ጋር እንዴት መጫወትና መነጋገር እንደሚቻል ለእናቶቹ ለሁለት ዓመት አሳዩ። ከ20 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሲከታተሏቸው ጉብኝቱን ያገኙት ወጣቶች ካላገኙት ይልቅ ገቢያቸው 25 በመቶ ያህል ብልጫ ነበረው። የተጨመረው ውድ መሣሪያ ወይም ሕንፃ አልነበረም፤ የሠለጠነ ሰው በቋሚነት ወደ ቤት መምጣቱ ነው። ቁልፉ ያለው “በቋሚነት” በሚለው ቃል ላይ ነው። አንድ ጊዜ መጥቶ የቀረ አማካሪ ይህን ውጤት አያመጣም።

ትምህርቱ ምን ምን መያዝ አለበት

የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ማዕቀፍ የሕፃን እንክብካቤ አምስት ነገሮች አሉት፦ ጤና፣ በቂ ምግብ፣ ለልጁ ስሜትና ፍላጎት ምላሽ የሚሰጥ አሳዳጊ፣ ደኅንነት እንዲሁም ገና ከልጅነት የሚጀምር የመማር ዕድል። ወላጆችም ትምህርቱን ሲከታተሉ እነዚህ አምስቱ መሸፈናቸውን ማረጋገጥ ይችላሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው የአደጋ ምልክቶችን መለየት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጡት መጥባት ካቆመ፣ ካንቀጠቀጠው፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ሰውነቱ ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ እንቅስቃሴው ከደከመ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ ወይም እትብቱ ዙሪያ ከቀላና መግል ከያዘ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። እነዚህን ምልክቶች “እስኪነጋ እንየው” ማለት ሕይወት ያስከፍላል። አባትም፣ አያትም፣ የቤት ሠራተኛም ሊያውቋቸው ይገባል፤ ሕፃኑ ሲታመም አጠገቡ የምትገኘው ሁልጊዜ እናት ላትሆን ትችላለችና።

ሁለተኛው ከልማድ ጋር የሚያያዘው ነው። እትብት ላይ ቅቤ ወይም ሌላ ቅባት መቀባት፣ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ፣ እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ጉዳታቸው የታወቀ ነው። እትብት ላይ የጤና ባለሙያ ካዘዘው በስተቀር ምንም ነገር አይደረግም። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ድረስ ውኃም ሳይጨመር የእናት ጡት ብቻ ሊያገኝ ይገባል፤ ጡት መጥባትም በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢጀምር ይመረጣል። በሌላ በኩል አራስን መንከባከብ፣ ከከባድ ሥራ ማሳረፍ፣ ገንፎና አጥሚት ማቅረብን የመሰሉት ልማዶች ሊጠበቁ የሚገባቸው ናቸው። ጥሩ ትምህርት ልማድን በጅምላ አያወግዝም፤ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ይለያል። አያት በትምህርቱ ላይ ብትገኝ ደግሞ ክርክሩ ከቤት ሳይደርስ ይፈታል።

ሦስተኛው ክትባት ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ክትባት ይሰጠዋል። ቀጣዮቹ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9ኛውና በ15ኛው ወር ናቸው። ብዙ ወላጆች የመጀመሪያዎቹን በሚገባ ይከታተሉና በ15ኛው ወር የሚሰጠውን ይረሱታል። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት ሁሉንም ሕፃናት ስለማይከላከል ሁለተኛው ተጨማሪ ሳይሆን የግድ አስፈላጊ ነው።

በጋራ መኖሪያና በኪራይ ክፍል ያለ አደጋ

ሕፃኑ መዳህ ሲጀምር አደጋው መልኩን ይለውጣል። አዲሱ የምሥራቅ አዲስ አበባ አኗኗር ቀድሞ በግቢ ቤት ያልነበሩ ሥጋቶችን አምጥቷል።

በአንድ ክፍል ውስጥ ምግብ ማብሰል፣ ቡና ማፍላትና ሕፃን ማስተኛት አብረው ሲሄዱ የቃጠሎ አደጋ ቅርብ ነው። ጀበናና ከሰል ማንደጃ ወለል ላይ ሲቀመጡ በሚድህ ሕፃን እጅ ልክ ናቸው። ትኩስ ውኃና ወጥ ከሕፃኑ ከፍታ በላይ ማስቀመጥ፣ የድስቱን እጀታ ወደ ውስጥ ማዞር፣ ሕፃን ታቅፎ ትኩስ ነገር አለመጠጣት ቀላልና ዋጋ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ናቸው። ቃጠሎ ከደረሰም የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ማቀዝቀዝ ይገባል። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ቅቤና እንቁላል መቀባት ቁስሉን ያባብሳል።

ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደድ ሌላው ገዳይ አደጋ ነው። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በክረምት ብርድ ለሕፃኑ ተብሎ የሚገባ ማንደጃ መላውን ቤተሰብ በእንቅልፍ ላይ ሊገድል ይችላል። ሕፃንን ለማሞቅ ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ማቀፍና በደረቅ ልብስ መሸፈን የተሻለ ነው።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በየቤቱ ባልዲ፣ በርሜልና ሮቶ ይጠራቀማል። ዳዴ የሚል ሕፃን በባልዲ ውስጥ ባለ ጥቂት ውኃ ሊሰጥም ይችላል፤ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ስለሚከብድ በግንባሩ ከገባ ራሱን ማውጣት አይችልምና። ማጠራቀሚያዎች ክዳን ሊኖራቸው ይገባል። ውኃ በገባበት ጉድጓድ አጠገብ፣ በተለይ ግንባታ በሚካሄድባቸው ቦታዎች፣ ልጆች ብቻቸውን እንዳይጫወቱ ማድረግ የወላጅ ኀላፊነት ነው፤ ጉድጓዱን ማጠር ደግሞ የአሠሪው።

በረኪናና ሌሎች የጽዳት ኬሚካሎች በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተቀድተው መሸጣቸውና መቀመጣቸው ሕፃናትን ያታልላል። ሕፃን ከጠጣ ለማስመለስ መሞከር አያስፈልግም፤ ጉሮሮውን ሁለተኛ ጊዜ ያቃጥለዋል። ዕቃውን ይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ከምግብም ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ሽምብራ ለትንንሽ ልጆች የማነቅ አደጋ ያስከትላሉ። ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ታንቆ መተንፈስ ካቃተው በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ መምታት፣ ካልወጣም በጀርባው አዙሮ በደረቱ መሐል በሁለት ጣት አምስት ጊዜ መጫን ይገባል። ይህን ከማንበብ ይልቅ በአሻንጉሊት ላይ በተግባር መለማመድ ያስፈልጋል፤ ትምህርቱ ገጽ ለገጽ መሰጠት ያለበትም ለዚህ ነው።

ከፎቅ መውደቅ፣ በደረጃ መንሸራተትና ከበር ሲወጡ የሚያጋጥም የተሽከርካሪ አደጋም ከዚሁ ይደመራሉ። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ይታወቃል። ሰፋፊ መንገዶች በሚያልፉበት በጎሮ አካባቢ ልጅን ከትምህርት ቤት የሚያመላልስ ሰው ማን እንደሆነና በየት በኩል እንደሚሻገር መወሰን የቤተሰብ ውይይት ሊሆን ይገባል።

የሥራ ሰዓት፣ አባቶችና ሕጉ

አገልግሎቱ ቢኖርም ብዙዎች የማይጠቀሙበት ምክንያት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን የሚቀጥር ነው። በፈረቃ የምትሠራ እናት በሥራ ቀን ጠዋት በሚሰጥ ትምህርት ላይ መገኘት ይቸግራታል። በቤት ጉብኝት ወቅትም ቤቷ ዝግ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ሕጉ የሚሰጠውን መብት ማወቅ ይጠቅማል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ የሕክምና ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጣት ይደነግጋል፤ አሠሪው የሕክምና ማስረጃ እንድታቀርብ ሊጠይቃት ይችላል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድም ይሰጣል። ለአባት የተፈቀደው ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ሦስት ተከታታይ ቀን ነው።

ከእነዚህ ድንጋጌዎች ሁለት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለምርመራ በመሆኑ የወላጆች ትምህርት ከምርመራው ጋር በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ከተያያዘ ሠራተኛዋ ሁለቱንም በአንድ ፈቃድ ታገኛለች። ትምህርቱ በሌላ ቀን ከተቀጠረ ግን ደመወዟን ወይም ትምህርቷን እንድትመርጥ ትገደዳለች፤ አብዛኞቹ የትኛውን እንደሚመርጡ ግልጽ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች ፕሮግራማቸውን ሲያወጡ ይህን ቢያጤኑት ተጨማሪ በጀት ሳያስፈልግ የተሳታፊው ቁጥር ይጨምራል።

ሁለተኛው የአባትን ይመለከታል። ከወሊድ በኋላ የሚመከረው ሁለተኛ ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አባት ፈቃዱን ልጁ በተወለደበት ዕለት ከጀመረ ምርመራው ሲደርስ ፈቃዱ እያለቀ ነው። እናት ገና ባልጠናችበት ሰዓት ሕፃን ታቅፋ ብቻዋን ታክሲ ፍለጋ እንዳትወጣ አባት ይህን ቀን አስቀድሞ አስቦ መዘጋጀት፣ ካልተቻለም የዓመት ፈቃዱን ማስተካከል ይኖርበታል። ይህን ማወቅ የሚችለው ደግሞ በቅድመ ወሊድ ትምህርቱ ላይ አብሮ ከተገኘ ነው። አባት በጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሸኚ ሳይሆን ተማሪ ሊሆን ይገባል።

ሌላው ክፍተት ከ90 ቀን በኋላ ይመጣል። ሕፃኑ ጡት ብቻ ሊጠባ የሚገባው ስድስት ወር ሆኖ እናት በሦስተኛው ወር ሥራ ትገባለች። ወተትን በንጹሕ ዕቃ ማለብና በጽዋ ማጠጣት በትምህርቱ ከሚለመዱት አንዱ ነው፤ የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በሥራ ቦታና በመኖሪያ አካባቢ የሕፃናት ማቆያ መኖር ለጤናም ለሥራም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አገልግሎት ፈላጊው ምን ያድርግ

በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድ፣ የድኅረ ወሊድና የሕፃናት ክትባት አገልግሎት የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው። በኪራይ የሚኖሩ ወይም በቅርቡ ወደ አካባቢው የመጡ ነዋሪዎች “ገና መታወቂያ አላወጣሁም” በሚል ክትትላቸውን እንዳያዘገዩ እንመክራለን።

እርግዝና እንደታወቀ በሚኖሩበት ወረዳ ጤና ጣቢያ ክትትል ይጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቢያንስ ስምንት ጊዜ መታየትን ይመክራል። በመጀመሪያው ቀጠሮዎ ሦስት ጥያቄዎችን ያቅርቡ፦ የወላጆች ወይም የነፍሰ ጡሮች ትምህርት በየትኛው ቀን ይሰጣል? ባለቤቴ መገኘት ይችላል ወይ? ከወሊድ በኋላ ቤቴ የሚመጣው ባለሙያ ማን ነው? የቤትዎን ምልክት፣ የሕንፃና የክፍል ቁጥር በትክክል ያስመዝግቡ። በጋራ መኖሪያ መንደሮች ባለሙያዎች ቤቱን አጥተው የሚመለሱበት አጋጣሚ ስላለ የቅርብ ጎረቤት ስም መስጠትም ይረዳል።

ከወሊድ በኋላ ከጤና ተቋሙ ከመውጣትዎ በፊት የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት መሰጠቱን፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መጻፉንና የልደት ማሳወቂያ መያዝዎን ያረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ በወረዳው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። የልደት ምስክር ወረቀት ለትምህርት ቤት ብቻ የሚፈለግ ወረቀት አይደለም፤ የልጁን ዕድሜ፣ ስምና ወላጆች የሚያረጋግጥ የመጀመሪያው ሕጋዊ ሰነዱ ነው።

ድንገተኛ ሕመም ሲያጋጥም አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ሌላ አደጋ ሲደርስ በ939 መጥራት ይቻላል። ቁጥሮቹን በበር ጀርባ መለጠፍና ሕፃኑን የሚጠብቀው ሰው እንዲያውቃቸው ማድረግ አስተዋይነት ነው።

ቀጠሮ ወስዶ አገልግሎት ያጣ፣ የቤት ጉብኝት የተቋረጠበት ወይም የሚከፈል ያልሆነውን ክፈል የተባለ ነዋሪ በመጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ኀላፊ፣ ምላሽ ካላገኘም ለወረዳውና ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ቅሬታውን በጽሑፍ የማቅረብ መብት አለው። ቀኑንና የተነገረውን መልስ ጽፎ መያዝ ቅሬታው በቶሎ እንዲታይ ያግዛል።

በአጠቃላይ፣ የምሥራቅ አዲስ አበባ አዲስ ሰፈሮች በሕንፃ ብዛት ቢያድጉም አዲስ ወላጅን የሚደግፈው የዝምድናና የጉርብትና ሰንሰለት ገና እየተሠራ ነው። የወላጆች ትምህርት የዚያን ሰንሰለት ቦታ ለጊዜው የሚይዝ፣ ውሎ አድሮም እናቶችንና አባቶችን እርስ በርስ በማስተዋወቅ ራሱን ሰንሰለቱን የሚሠራ አገልግሎት ነው። ውጤታማነቱ የሚለካው ምን ያህል ሰው አዳራሽ ገባ በሚለው ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ስንት እናቶች ተመረመሩ፣ በ15ኛው ወር ስንት ሕፃናት ተከተቡ፣ በየቤቱ ስንት ባልዲ ክዳን አገኘ የሚሉት ጥያቄዎች የተሻለ ይናገራሉ። በጎሮና በአካባቢው ያላችሁ ነዋሪዎች፣ ትምህርቱ በወረዳችሁ መቼ እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ ያልተጀመረ ከሆነም እንዲጀመር ጠይቁ።